ባሌን ያደለቡልኝ ሰሞን

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ሰላም ሲላችሁ እጃችሁን ይይዝና ዓይኑን ጉንጫችሁ ላይ ያሳርፋል። ጉንጫችሁ ሞላ ካለ «ማሻአላህ፣ ተመችቷችኋል» ይላል። ጎደል ካለ ደግሞ «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ይልና መልሱን እንኳ ሳይሰማ ለሌላ ሰው ሊያወራ ይሄዳል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ስሸጥ ስለሆነ፣ ይህን ወሬ ስሰማ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ቤቴ ገብቶ ባሌን ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

ስሜ ዘይነባ ነው። ባሌ ይመር በሬ አደላቢ ነበር። እርሻ ያደከመውን በሬ ከገበሬው ይገዛና በረታችን ውስጥ አስሮ ድርቆሽ ያበላዋል፣ የኑግ ፋጉሎ ይጨምርለታል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላውን ታመጣልናለች። በሬው ወገቡ ሞልቶ ሻኛው ሲጋደም ለበዓል ይሸጠዋል። ይመር የሚያምነው እጁን ነበር። ጅራቱ ሥር ጨመቅ፣ ጎድኑ ላይ ዳሰስ ያደርግና ወይ «ይሄ ገና ነው» ይላል፣ ወይ «ይሄ በቅቷል» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

እሱም ራሱ የዋዛ አልነበረም። ከበር ሲገባ መጀመሪያ የሚገባው ቦርጩ ነው። ሲያገባኝ እንጨት ነበር፤ «አንቺ ነሽ ያደለብሽኝ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሰዉም የሚያመሰግነው እኔን ነው። «ዘይነባ እኮ ባል መያዝ ታውቅበታለች!» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ በሬ እግሩን ረግጦት ነው። ትንሽ ቁስል ናት፤ ግን አልድን አለች። ውሃ ጥሙም በዛ፤ ሽንት እየቀሰቀሰው እንቅልፍ አጣ። እየጎተትኩም እየለመንኩም ሆስፒታል ወሰድኩት። የተቀበለን ዶክተር ገና ልጅ እግር ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ደሙን አስመርምሮ «ስኳር ነው» አለን።

«እኔ?» አለ ይመር። «እኔ እኮ ስኳር አልወድም!»

ዞር ብዬ አየሁት። ሻዩ ውስጥ ማንኪያ ቢያቆሙ የሚቆምለት ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው።

ዶክተሩ ሳቅ ብሎ «ሥራዎ ምንድን ነው፣ አባቴ?» ሲል ጠየቀው።

«በሬ አደልባለሁ።»

«እንግዲያው ቶሎ ይገባዎታል። በሬ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሸፈነውን ሞራ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀውም!»

«እርስዎም ሆድ ውስጥ አለ። ያ ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ብቻ አይምሰልዎት። ከልኩ ሲያልፍ ራሱ ይታመማል። ቁስል ሲቆጣ አይተው ያውቃሉ አይደል?»

«ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል።»

«አዎ። ስቡም እንደዚያ ይቆጣል። ውስጥ ስለሆነ ግን አይታይም፤ አያምምም። ቁስል ሲኖር ሰውነት ተከላካዮቹን ወደዚያ ይልካል። የተቆጣው ስብ ውስጥም ተከላካዮቹ ይገባሉ፤ ጠላት ያለ መስሏቸው ይዋጋሉ። ከዚያ የሚወጣው ነገር በደም ይዞርና ጉበቱም ጡንቻውም ኢንሱሊንን እንዳይሰማ ያደርገዋል። ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ደግሞ ኢንሱሊን ነው። እሱ ካልተሰማ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል።»

ይመር ቦርጩን በሁለት እጁ ያዘና በሬ እንደሚዳስሰው ጨመቅ አደረገው። «ይሄ ታሟል ማለት ነው?»

«ታሟል። ቀስ እያሉ ከቀነሱት ግን ቁጣው ይበርዳል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ ይራመዱ፣ ጣፋጩን ይተዉ።»

ወላሂ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ይመርን አላውቀውም። ሰውዬው ሥራ ወዳድ ነው፤ ይህንንም እንደ ሥራ ያዘው። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን እንደ ኮሶ ጠጪ እያጨማደደ ነበር። ከማለዳው የሱብሂ ሶላት በኋላ ዳገቱን ወጥቶ ይመለሳል። ቂጣና ገንፎውን ቀነሰ፤ ጎመንና ሽሮ አበዛ። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል። ወራት ሲያልፉ ቦርጩ ጎደለ፣ የጉልበቱ ሕመም ተወው፣ ቁስሉ ደረቀ። ዶክተሩ «እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ የለኝም» ሲለው እንደ ተማሪ ልጅ ደስ አለው። ሱሪውን በገመድ አስሮ ቤት ውስጥ እየዞረ «ዘይነባ፣ እይኝ እስቲ! ያኔ ያገባሽኝ ልጅ ነኝ!» ይለኝ ነበር።

ስኳር መሆኑን ለሰው አልነገርንም። ምክንያት ነበረን። ልጃችንን ሐያትን ወረኢሉ ያለ አንድ ነጋዴ፣ አቶ ከማል የሚባል፣ ለልጁ ጠይቆን ቃል ተሳስረን ነበር። እኛ አገር ደግሞ «ስኳር በዘር ይወርዳል» ይባላል። አባቷ ስኳር አለበት ከተባለ ልጅቷም ምልክት ተደረገባት ማለት ነው። እንግዲህ ዝም አልን። ዝም ስንል ደግሞ ሰዉ የራሱን ፈጠረ።

ገበያ ላይ ሰልባጅ የምትሸጥ ሴትዮ ጠጋ አለችኝና «ዘይነባዬ፣ አብሽሪ፣ ሁሉም ያልፋል» አለችኝ። ምኑ እንደሚያልፍ አልገባኝም። በኋላ እትዬ ብርቄ ነገረችኝ። ግማሹ ይመር ከስሯል ይላል። ግማሹ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ በሽታ ይዞታል» ይላል። በሬ ሻጮች ሳይቀሩ በክፉ ዓይን ያዩት ጀመር። አደላቢ ከስቶ የማን በሬ ይወፍርለታል?

ወሬው ወረኢሉ ደረሰ። ለሠርጉ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አቶ ከማል ሽማግሌ ሰደደ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ከብት ዋጋ አወሩ፣ መረቁ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እኛ የሰው ወሬ የምንሰማ ሆነን አይደለም» አለ። «ልጅቷም እንከን አይወጣላትም፣ ማሻአላህ። ግን ወንድማችን ይመር ምን ነካው? ያ ሁሉ ሰውነት ወዴት ሄደ?»

ይመር አፉን ሊከፍት ሲል ታላቅ ወንድሙ እንድሪስ ቀደመው። ጋሽ እንድሪስ የቤተሰቡ ራስ ነው፤ እሱ ባለበት ሌላ ሰው አይናገርም። «የመንገድ ድካም ነው!» አለ። «ከብት ፍለጋ ቆላ ለቆላ ሲዞር ከርሞ ነው። ለሠርጉ ስትመጡ ታዩት የለ? ያኔ እንነጋገራለን!»

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ጋሽ እንድሪስ በሩን ዘጋና ወደኔ ዞረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜን በጎመን ልትጨርሺው ነው?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው፣ ጋሽ እንድሪስ። ደህና ሆኗል እኮ። ቁስሉ ድኗል፣ ይራመዳል፣ ይተኛል...»

«ደህና የሆነ ሰው ይሄን ይመስላል? መድኃኒቱ ነው ሥጋውን የበላው! ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? ልጅሽ ቀለበት አስራ ልትቀር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቃታል?»

«ታዲያ እውነቱን እንንገራቸው። ስኳር ነው እንበል።»

«እሱን ካልንማ ያኔውኑ አለቀ!»

ይህ ነው እንግዲህ ወጥመዱ። እውነቱን ብንናገር ልጅቷ ተበላሸች፤ ብንደብቅ አባቷ ተበላሸ። ጋሽ እንድሪስ መውጫ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይመር ለሠርጉ መወፈር አለበት። እኔ በገዛ እጄ አላበላም አልኩ። «እንግዲያው እኔ ቤት ይሰነብታል» አለና የይመርን ጋቢ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለለት።

በር ላይ ይመርን ክንዱን ያዝኩት። «ይመር፣ በአላህ፣ አትሂድ።»

«ተይኝ፣ ዘይነባ። ለሐያት ነው። ስቡን ማውረዱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ፤ ከሠርጉ በኋላ መልሼ አወርደዋለሁ።» ከዚያ እንደ ልማዱ ቀለደ። «ስንቱን በሬ አድልቤ ሸጫለሁ። እስቲ የዘንድሮው ተራ የኔ ይሁን።»

አልሳቅኩም። «በሬ የሚደልበው ለማን እንደሆነ ታውቃለህ» አልኩት። ጋቢውን ሰብስቦ ወንድሙን ተከተለ።

ጋሽ እንድሪስ ቤት ጠዋት ጭኮ፣ ረፋድ ገንፎ በቅቤ፣ ምሳ የሙክት ሥጋ፣ በመሃል እርጎና የማር ብርዝ ነበር። እንዲራመድ አይፈቀድለትም፤ «ሥጋህ ይሟሟል» ይሉታል። ኪኒኑን የት እንዳደረጉበት አላውቅም። ላየው ስሄድ ደጁ ላይ ተጋድሞ አገኘዋለሁ፤ ጉንጩ እየሞላ፣ ዓይኑ ግን እየደከመ። ስደርስ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጠማኝ»። ውሃ ላመጣለት ስነሳ የጋሽ እንድሪስ ሚስት «ውሃ ሆድ ይነፋል፣ ይሄ ኃይል ይሰጠዋል» ትልና ለስላሳ ትከፍትለታለች።

አንድ ቀን ከአጥሩ ጥግ ሽንቱን የሚሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። ማር የፈሰሰ ነበር የሚመስለው። ከዚያው ቀጥ ብዬ ሆስፒታል ሄድኩና ለዶክተሩ ነገርኩት። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «መድኃኒቱን አቁሟል? እናቴ፣ ዛሬውኑ ያምጡልኝ! ነገ አይበሉ!»

ተመልሼ ለጋሽ እንድሪስ ስነግረው ሳቀብኝ። «ሐኪም ሁልጊዜ ዛሬውኑ ነው የሚለው።» ይመርም ራሱ «ሠርጉ እኮ ደረሰ፣ ዘይነባ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ። ቃሉ እንደ ሰካራም ይጎተት ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ይመርን አዲስ ሸሚዝና ኮት አልብሶ ይዞት መጣ። ዳሱ ተጥሏል፣ የወረኢሉ እንግዶች እየገቡ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ጀርባውን ደልቆ «ይኸው! በቅቷል!» አለ፤ ይመር በሬውን ለገበያ ሲያወጣ የሚለውን ቃል። አቶ ከማል፣ እሱም ቦርጫም ሰውዬ ነው፣ ይመርን አቅፎ ጀርባውን ዳበሰና «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ወሬኛ አፉ ይዘጋ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ነገሩ በዚያች ደቂቃ አለቀ፤ ልጄ ተዳረች። ከዚያ በኋላ ይመር ወደ ቤት ገብቶ ቢተኛ ማን ምን ይለን ነበር?

ግን ኒካህ አለ። ልጁን የሚድር አባት ነው፤ ቃሉን መናገር ያለበት እሱ ነው።

ሴቶቹ ከዳሱ መጋረጃ ጀርባ ነን። በቀዳዳው አየዋለሁ። ለስላሳ እያነሳ ይጠጣል፣ ይጨርሳል፣ ሌላ ይከፍቱለታል። «ይጠጣ፣ ደስታው ነው!» ይላሉ። ሸሁ እጁን ከሙሽራው እጅ ጋር አያያዙና «በል፣ ልጄን እገሊትን ዳርኩልህ በለው» አሉት። ይመር የተያያዙትን እጆች ትክ ብሎ አየ። ሸሁ ደገሙለት።

«ዘይነባን ዳርኩልህ» አለ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። «ኧረ ሚስቱን ሊድርልን ነው!» «ደስታ አሳሳተው!» ሸሁም ፈገግ ብለው «ሐያት በል፣ ሐያት» አሉት፤ እንደ ሕፃን እየተከተለ ተናገረ። ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ሴቶችም እልል እያሉ ጎኔን ይነካኩኛል፣ «ዘይነባ፣ ተዳርሽ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሃያ ምናምን ዓመት ሲጠራው የኖረውን የልጁን ስም ነው የረሳው።

የሴት ቦታ አይደለም፤ ግን መጋረጃውን ገልጬ ወንዶቹ መሃል ገባሁ። «ጋሽ እንድሪስ፣ ይመር ታሟል። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ።»

እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ፈገግታውን ከፊቱ ሳያጠፋ በጥርሱ መሃል ነው የሚናገረው። «እንግዳ ፊት! ምን ነክቶሻል? ሙሽራዋ ትውጣ። አባቷ መርቆ ይሸኛት። ከዚያ የፈለግሽው ቦታ ውሰጂው።»

«እስከዚያ ይሞታል!»

«በሠርግ ቀን ሞት አትጥሪብኝ!»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ፤ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ትንሽ ነው እኮ፣ ልጄ። ምሳው ይነሳ» አሉኝ። ምሳ! እትዬ ብርቄ ብቻ ነጠላዋን አጣፍታ ወደኔ መጣች። «እኔ ባጃጅ አመጣለሁ፣ አንቺ ከእሱ አትራቂ» ብላኝ ሮጠች። ባጃጁን አመጣች፣ በጓሮ በኩል አቆመች። ባጃጁ እንደገባ ግን የሙሽራው መኪናዎች መውጫውን በር ዘግተው ቆሙ። አንዷን መኪና ፈቀቅ አድርግልን ብትለው ሾፌሩ «አጀቡ ይበላሻል፣ እማማ፣ ሙሽራዋ ስትወጣ አብረን እንነሳለን» አላት። ባጃጁ ከጓሮ ሞተሩን እንደለኮሰ ሲንደቀደቅ፣ ዳሱ ውስጥ ሥጋ እየተቆረጠ ነበር። ያ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዳው በልቶ እስኪጠግብ ይመርን በሁለት ሰው መሃል አስደግፈው አስቀመጡት። አንገቱ ዘንበል ሲል ያቃኑታል። ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔ ከኋላው ቆሜ በሻሼ ጫፍ ውሃ እያስነካሁ አፉን አረጥባለሁ።

ሐያት መጣች። ነጭ ለብሳለች፤ ታምር ነበር። እግሩ ሥር ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመችና «አባ፣ መርቀኝ» አለችው። ይመር ቁልቁል አያት። አላወቃትም። እጁ ግን የለመደውን ያውቃል፤ ክንዷን ያዘ፣ ጨመቅ አደረገ፣ ትከሻዋን ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ገና ነው» አለ። «አትሽጡት። ገና ነው።»

ሰዉ «አይ አባት! ልጁን መስጠት ከበደው!» ብሎ እልልታውን አቀለጠው። ሐያት ግን ቀና ብላ ዓይኑን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «እማ፣ አባ ምን ሆኗል?» ስትለኝ ሚዜዎቹ አንስተዋት ወደ መኪናው ይወስዷት ነበር። አንገቷን ወደኋላ አዙራ እየጮኸች ነው የወጣችው። ሙሽራ ስትወጣ ታለቅሳለችና ማንም ልብ አላላትም።

መኪናዎቹ ተነሱ። በሩ ተከፈተ። ይመር ያኔ ከወንበሩ ተንሸራተተ።

ባጃጁ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኛሁት። አዲሱ ኮቱ በላብ ርሷል። አንዴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «ሄደ?» አለኝ። ስለ ሐያት ይሁን ስለ በሬ አላወቅኩም። «ሄደች» አልኩት።

ዶክተሩ ያው ልጅ ነበር። የጣቱን ደም በመለኪያው ሲያየው መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ ከልክ በላይ ነው አለ። «ለምን? ድኖ ነበር እኮ!» አለ፤ ጮኸ፤ ያ የማይቸኩል ልጅ። ግሉኮስ የሌለበትን ውሃ በይመር ሁለቱም ክንድ በኩል ሰቀለለት፣ ኢንሱሊን ሰጠው፣ ለደሴ ሪፈር ጽፎ አምቡላንስ ማፈላለግ ጀመረ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል ተባለ። እኛ ስንጠብቅ ይመር መጠበቁን ተወው። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት አዛን ሲል እጄ ውስጥ የነበረው እጁ ላላ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ዳሱን ማፍረስ አላስፈለገም። ለሠርጉ የተጣለው ዳስ ለለቅሶው ሆነ። ለሙሽራ የተገዛው ሩዝና ስኳርም እንዲሁ።

በማግስቱ ጠዋት ገላውን አጥበው የወጡት ሰዎች ምን እንዳሉ ልንገራችሁ። አንዱ እጁን እያደረቀ «ማሻአላህ፣ ምን ያለ ሰውነት ይዞ ሄደ!» አለ። ሌላው «አዎ፣ አላህ ሳያጎሳቁል ወሰደው» ብሎ መለሰለት። ጋሽ እንድሪስ እንባውን ጠርጎ «ገመናውን ሸፍኖ ነው የሞተው፣ አልሀምዱሊላህ» አለ። ሰዎቹ የተናገሩት ሊያጽናኑኝ ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ከሞቱ አሟሟቱ የሚሉት ይሄንን መሆን አለበት።

ሐያት የሙሽራ ልብሷን ሳትቀይር ተመልሳ መጣች። ማንንም አላቀፈችም። ዳሱ መሃል ቆማ አጎቷን «ማን ጠየቀኝ?» አለችው። «አባትሽ ወይስ ሠርግሽ ብሎ ማን ጠየቀኝ?» ባሏ አጠገቧ ቆሞ «እኔንም ማንም አልጠየቀኝ» አለ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ እሱን አልወቅስም።

ከሁሉ የከፋውን ግን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ለለቀስተኛ ሻይ እያዞርኩ አቶ ከማል ጋ ደረስኩ። ብርጭቆውን አላነሳም። ግራ ቀኝ አየና ጎንበስ ብሎ፣

«ስኳር የሌለበት ካለ...» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። «ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

«ቆየ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። «ቤተሰብ ብቻ ነው የሚያውቀው። በልጁ ላይ ነገር እንዳይሆንበት ብዬ...»

«ታዲያ ሽማግሌ የላኩት ምን ሊያጣሩ ነበር?»

«እኔ እኮ ያ በሽታ መስሎኝ ነው። ስኳር መሆኑን ባውቅማ...» ብሎ አላጠናቀቀውም።

ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከበረታችን አጥር ሥር ተቀምጬ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል፣ ጮኼ አለቀስኩ። ሁለት ቤት አንድ በሽታ ደብቆ፣ አንዱ ሌላውን ፈርቶ፣ መሃል ላይ የኔ ሰው ተበላ። በረቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት በሬዎች ፋጉሏቸውን ያመነዥኩ ነበር። እነሱን እንኳ ይመር አንድ ቀን በዛ አድርጎ አላበላቸውም፤ «ሆዱ ይነፋና ይሞታል» ይል ነበር።

ይኸው እኔ አሁንም ገበያ አለሁ። ዶክተሩ ይመር የሞተ ዕለት እኔንም ሳይመረምር አልለቀቀኝም፤ የኔም ስኳር ከፍ ብሎ ነበር። የሰው ሁሉ ስብ አይታመምም፣ ወፍራም ሁሉ ስኳር አይይዘውም ብሎኛል። የኔው ግን ታሟል። ኢዳዬን፣ የባል ሐዘን ወራቴን፣ ቤቴ ተቀምጬ ስጨርስ የይመርን አበላል በላሁ፣ ዶክተሩ ያዘዘልኝን የይመርን ዓይነት ኪኒን ዋጥኩ፤ ስወጣ ደግሞ ሱብሂ ሰግጄ የእሱን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። ከስቻለሁ። ጉልበቴ ቀሎኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰው ከስቶ ስታገኙት ምን እንደምትሉት እስቲ አስቡ። እኔን ግን ማንም ምንም አይለኝም። ሽማግሌ የሚልክብኝ የለም፣ በማር ብርዝ የሚያባብለኝ የለም። ገበያ ላይ ሴቶቹ እጄን ይይዙና ጉንጬን ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ «ውይ ዘይነባ፣ ሐዘን ጎዳት!» ይላሉ። እኛ አገር ሰው ሳይታማ የሚከሳው ሲያዝን ብቻ ነው። ይመርም ለቅሶ ቢኖርበት ኖሮ ይተዉት ነበር።

«አዎ» እላቸዋለሁ፣ «ሐዘን ነው»፤ በርበሬዬንም እመዝናለሁ።